በሶፋ ላይ የቀረው ዳንቴል



የዛሬው ርእሴ የውስጥ ልብስ ነው። አዎ፣ በትክክል ሰምታችሁኛል። ከኋላ ያላችሁት ስቃችሁ ጨርሱና እንቀጥል። ጡት ማስያዣ፣ ፓንት፣ የውስጥ ቀሚስ፣ የሌሊት ልብስ፤ እነዚህን በሚያምር ጨርቅና በዳንቴል፣ በገዛ እጃችን፣ እዚሁ በስደት ቤታችን ስለ መስፋት ነው የማወራችሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው፤ እንጀራዬን የምበላበት ግን እዚህ አቡ ዳቢ ነው። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ዐባያና የሌላ ሰው የሠርግ ቀሚስ ስሰፋ እውላለሁ። ለራሴ የምሰፋው ማታ ነው፤ ከምሰፋውም አብዛኛውን ሰው አያየውም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከዳንቴል ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። እስቲ የእናታችሁን ሳሎን በዐይነ ሕሊናችሁ ዙሩት። ሶፋው ዳንቴል ለብሷል፤ የሶፋው ክንድ ለብሷል፤ ቴሌቪዥኑ፣ ከሱ በፊት ራዲዮኑ፣ ትራሱ፣ ጠረጴዛው፣ ረከቦቱ ሳይቀር ለብሷል። እናታችን ኪሮሿን ጨብጣ፣ ክሩን ከጣቷ ላይ አዙራ፣ ቡናው እስኪፈላ አንድ አበባ፣ ጎረቤት መጥታ እስክትሄድ ሁለት አበባ እያለች የሠራችው ነው። በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የተማርን አለን፤ ከታላቅ እህት አይተን የቀዳን አለን። ያን ሁሉ ዳንቴል የሠራችው ሴት ግን ከቀሚሷ ሥር ምን ትለብስ ነበር? ላስቲኩ የላላ ፓንት፤ ማንጠልጠያው በመርፌ ቁልፍ የተያዘ፣ ከሳልባጅ ተራ የተገዛ ጡት ማስያዣ። ሶፋው ከባለቤቲቱ በላይ ለብሶ ኖረ። ዛሬ የምላችሁ ሁሉ ከዚህ ይነሣል፦ ዳንቴሉን ከሶፋው ላይ አንሡትና ወደ ገላችሁ አምጡት።

ይህን ለማለት አቡ ዳቢ ድረስ ምን አመጣሽ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እዚህ አገር ከላይ የምንለብሰውን ብዙ ጊዜ የምንመርጠው እኛ አይደለንም። ሰው ቤት የምትሠራው እመቤቷ የገዛችላትን ዩኒፎርም ትለብሳለች። ሆቴል ያለችው የሆቴሉን፣ ጽዳት ላይ ያለችው የካምፓኒውን። መንገድ ስንወጣ ዐባያ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ነጠላ፣ መስጊድ ስንሄድ ሒጃብ። ሁሉም የየራሱ ክብር አለው፣ አልነቅፈውም። ግን በሁሉም ላይ የሰው ዐይን አለ። ከዩኒፎርሙ ሥር ያለው ብቻ ነው ማንም «ይህን ልበሺ፣ ያን አውልቂ» የማይልሽ። ያንን እንኳ ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ሦስት በአንድ የታሰረውን፣ ቀለሙን ሳናይ፣ ከሳሙናና ከሩዝ ጋር ቅርጫት ውስጥ ጥለን እንገዛዋለን።

ያገሩ ሴቶች ይህን ነገር ከኛ በፊት ያውቁታል። የኢማራት ሴት ባህላዊ አለባበስ ከቀሚሱ ሥር ሲርዋል የሚባል ሱሪ አለው። ሲርዋሉ ከላይ ሰፊ ነው፤ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ሲወርድ ይጠብና ጫፉ ላይ የብርና የወርቅ መልክ ያለው ጥብጣብ ይሰፋበታል። ይህ የጥብጣብ ሥራ ተሊ ይባላል። የቀሚሱ አንገትና እጅጌ ላይም አለ፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የሱሪው ነው። ስንት ቀን የተደከመበት ሥራ ከቀሚስ ሥር ይገባል፤ ሴትዮዋ ደረጃ ስትወጣ ለቅጽበት ብቅ ይላል፣ ተመልሶ ይሸፈናል። ለማን ነው የተሠራው? ለባለቤቲቱ ነው።

አሠራሩን ያየች ሴት ኪሮሿን መናፈቋ አይቀርም። ካጁጃ የሚባል የብረት ማቆሚያ አለ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ትራስ ተቀምጧል። ክሮቹ በትራሱ ላይ በስፒል ይያዙና የየክሩ ጫፍ በማጠንጠኛ ተጠቅልሎ ይንጠለጠላል። ሠሪዋ መሬት ላይ ተቀምጣ ማጠንጠኛዎቹን በቀኝና በግራ እጇ እያፈራረቀች፣ ሹሩባ እንደምትጎነጉን ሴት ክር በክር ላይ ታሳልፋለች፤ መሐል ለመሐል የሚያብለጨልጨውን ስስ ጥብጣብ ታስገባለች። ሴቶቹ ሲሠሩት ተሰብስበው፣ እያወሩ ነው። ዩኔስኮ ይህን ሙያ እ.ኤ.አ. በ2022 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። አቡ ዳቢ ያላችሁ ቀስር አል ሆስን ግቢ ውስጥ ያለውን የባለ እጆች ቤት ሂዱና እዩ። ከአል ዐይን 160 ኪሎ ሜትር አቋርጣችሁ የመጣችሁት ደግሞ አል ቀጣራ አለላችሁ፤ የጥበባት ማእከሉም፣ የእጅ ሥራ የሚሸጥበት ባህላዊ ገበያም አንድ አካባቢ ናቸው። ስትሄዱ ሥራውን አገላብጡት። የኛ ጥልፍ ጥራት የሚታወቀው በጀርባው ነውና የነሱንም እንደዚያው እዩት።

አሁን ደግሞ ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1910 ገደማ ነው፤ ከተማው ኒው ዮርክ። ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ የምትባል የ19 ዓመት የባለጸጋ ልጅ ለጭፈራ ግብዣ ትለባብሳለች። የመረጠችው ቀሚስ ስስ ነው። በዚያን ጊዜ ሴቶች ገላቸውን የሚያስሩበት ኮርሴት ደግሞ በዓሣ ነባሪ አጥንት የጠነከረ ነበርና አጥንቱ ከስሱ ጨርቅ ሥር ብቅ እያለ አስቸገራት። ልጅቷ የቤት ሠራተኛዋን ጠራችና ሁለት የሐር መሐረብ፣ ሮዝ ሪባን፣ መርፌና ክር አስመጣች። ሁለቱን መሐረቦች አጋጥመው፣ ሪባኑን ማንጠልጠያ አድርገው፣ እዚያው መኝታ ቤት ውስጥ ጡት ማስያዣ ሰፉ። ግብዣው ላይ ጓደኞቿ ከበቧት፣ «ለኛም» አሉ። ጃኮብ እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1914 የፈጠራ መብት አገኘችበት። በኋላም መብቱን ዋርነር ለሚባለው የኮርሴት ፋብሪካ በ1,500 ዶላር ሸጠችው።

ይህን ታሪክ የሚተርክ ሁሉ የእመቤቲቱን ብልሃት ያወድሳል። እኔ ደግሞ ስለ ሠራተኛዋ እጠይቃለሁ። ጃኮብ ከብዙ ዓመት በኋላ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ ማሪ ብላ ታነሣታለች፤ የመብቱ ወረቀት ላይ ግን ማሪ የለችም፣ ከ1,500 ዶላሩም የደረሳት ነገር ሲወራ አልሰማሁም። እስቲ አስቡት፤ ለጭፈራ ልቧ የቆመ የ19 ዓመት እመቤትና የቤቱን ልብስ ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ስትጠግን የኖረች ሠራተኛ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ስሱን ሐር ሳያሸበሽቡ መስፋት የሚችለው የየትኛዋ እጅ ነው? ከእናንተ መካከል የእመቤቷን ዚፕ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ሳለ የጠገነች ሴት መልሱን ታውቀዋለች። እዚህ የተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ ማሪዎች ናችሁ፤ ለእመቤት የምትሰፋው እጅ ለራሷም ትስፋ ነው የምለው።

ነገሩ ከጃኮብም በጣም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኦስትሪያ ውስጥ ሌንግበርግ የሚባል የድሮ ግንብ ሲታደስ ከወለሉ ሥር ብዙ አሮጌ ጨርቅ ወጣ፤ ከጨርቁ መካከል ከተልባ እግር የተሰፉ ጡት ማስያዣዎች ተገኙ። ሲመረመሩ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሆኑ፤ በኛ አገር ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ጠርዛቸው ላይ በመርፌ የተሠራ ዳንቴል አለ። የዛሬ 600 ዓመት ገደማ አንዲት ሴት ባልታየ ልብስ ጫፍ ላይ ዳንቴል ለመሥራት ዐይኗን አድክማለች። «ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው፣ የዘመኑ ፋሽን ነው» ለሚለኝ ሰው ይህን እጠቅስለታለሁ።

ሱቅ ውስጥ የተሰቀለው ለምን አይበቃንም? አንደኛ ነገር ልኩ የእኛ አይደለም። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚባለው የጡት ልክ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያው ዋርነር የሚባለው ፋብሪካ ያስለመደው ነው። ዛሬ ፊደሉ ቢበዛም የፋብሪካው ሥራ ያው ሴትን ሁሉ በተወሰኑ ሳጥኖች መክተት ነው። የወለደች አለች፣ ያጠባች አለች፣ አንዱ ጡቷ ከሌላው የሚበልጥ አለች፤ የኋለኛዋ ደግሞ አብዛኞቻችን ነን። ሁለተኛው የጨርቁ ነገር ነው፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው መሸማቀቅ ነው። ጎረቤታችን ሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ እስከ ቅርብ ጊዜ የውስጥ ልብስ ሻጮቹ ወንዶች ነበሩ። ሴትዮዋ ፊቷን ሸፍና ትገባለች፣ የማታውቀው ወንድ በዐይኑ ለክቶ «አንቺ ይህ ነው የሚሆንሽ» ይላታል። ሪም አስዓድ የምትባል የጅዳ የፋይናንስ መምህርት ዘመቻ ጀመረች፤ ሴቶች ከወንድ ሻጭ አንገዛም አሉ። ከእ.ኤ.አ. ጥር 2012 ጀምሮ በእነዚህ ሱቆች የሚሸጡት ሴቶች ብቻ እንዲሆኑ ተደረገ። እዚህ አቡ ዳቢ የገበያ ማእከሎቹ ውስጥ ሻጮቹ ሴቶች ናቸው፣ ደግ ነው። አገራችን ውስጥ ግን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሲንጀሩን በእግሩ የሚያንቀሳቅሰው ሰፊ ባብዛኛው ወንድ ነው። ቀሚስ ስፋልኝ ትለዋለች፤ ደረቴን ለካና የውስጥ ልብስ ስፋልኝ ያለች ሴት ግን አላጋጠመችኝም። ስለዚህ ይህን ልብስ የሚሰፋልን የለም፤ ራሳችን ካልሰፋነው።

እንግዲህ ወደ ጨርቁ። አቡ ዳቢ ላይ መዲናት ዛይድንና አካባቢዋን የማያውቅ የለም፤ ወርቅ ለማየት እንኳ ሄዳችኋል። የጨርቅ ሱቆቹ እዚያው ናቸው። አል ዐይን ላይ የመሐል ከተማው ሱቆች አሉ፤ ወደ አቡ ዳቢ መምጣት ግድ አይደለም። ባለሱቆቹ ብዙዎቹ ሕንዶችና ፓኪስታኖች ናቸው፤ ዳንቴል ብላችሁ በአማርኛችሁ ብትጠይቁ ይገባቸዋል፣ በዐረብኛም የሚባለው ይኸው ነው። ዋጋውን ሲነግሯችሁ አትደንግጡ። ቤታችን መርካቶ ነው፣ ዋጋ መከራከር እኛን አያስተምሩንም።

አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ለዒድና ለሠርግ ቀሚስ የሚሸጠው ምርጥ ዳንቴል ዋጋው ራስ ያዞራል። ይህ ዳንቴል የሚሠራበት ትልቅ መኪና እንግሊዛዊው ጆን ሊቨርስ እ.ኤ.አ. በ1813 ኖቲንግሃም ውስጥ የሠራው ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳዮች መኪናውን በኮንትሮባንድ ባሕሩን አሻግረው ካሌ የምትባል ከተማቸውን የዳንቴል ከተማ አደረጓት። እስከ ዛሬም እዚያ ይሠራበታል። ሙሉ ቀሚስ ልሥራበት ብትሉ የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ፓንት ግን ግማሽ ሜትር ይበቃዋል። ባለሱቁ ጥቅሉን ሸጦ ሸጦ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ቁራጭ ለማንም ቀሚስ አይሆንም፤ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል፣ ዋጋውን ይሰብረዋል። የባለጸጋዋ ሙሽራ ቀሚስ የተቆረጠበት ዳንቴል ቅሪት እናንተ ጋ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ሱቁ ስትገቡ መጀመሪያ ቅርጫቱ የት እንዳለ ፈልጉ።

ዳንቴል ስትመርጡ በዐይን ብቻ አትፍረዱ። የክንዳችሁን ውስጥ ለውስጥ፣ ደም ሥር የሚታይበትን ለስላሳ ቦታ፣ በዳንቴሉ አሹት። እዚያ ከቧጠጣችሁ የት የት እንደሚቧጥጣችሁ መቼም አልዘረዝርም። ቀጥሎ ሳቡት። አሥር ሳንቲ ሜትር ያህሉን በሁለት አውራ ጣታችሁ ያዙና እስከ አሥራ አምስት ድረስ ሂዱበት፤ ስትለቁት ወደ ቦታው ከተመለሰ ለፓንትና ለጡት ማስያዣ ይሆናል። የማይሳብ ከሆነ አትጣሉት፤ ለሌሊት ልብስ ደረትና ለውስጥ ቀሚስ ዘርፍ ይሁን። ጠርዙንም እዩት። በሁለቱም ወገን ቅጠል ቅጠል እያለ የሚወርድ ጠርዝ ያለው ከሆነ ያ ጠርዝ መቀምቀም አያስፈልገውም፤ የልብሱ ጫፍ እሱው ራሱ ነው፣ ግማሽ ሥራ ተሠርቶላችኋል።

አሁን የጨርቁ ጥራት ጉዳይ ላይ ጠንከር ልበል። በአቡ ዳቢ በጋ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ፤ ባሕሩ ዳር ስለሆንን ደግሞ አየሩ ራሱ ላብ ነው። አል ዐይን ወበቁ ቀለል ይላል፣ ሐሩሩ ግን ያው ነው። በዚህ አየር ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ገላ ላይ ላብ የማያስወጣ ናይለን ተጣብቆ ሲውል ማሳከክና ቁስለት ያመጣል፤ ስንቶቻችን ለሐኪም ለመናገር አፍረን ዝም ብለናል። ስለዚህ ከላይ የፈለጋችሁትን ዳንቴል፣ የፈለጋችሁትን ሳቲን አድርጉ፤ እግር መሐል የሚያርፈው ክፍል ውስጠኛው ግን ጥጥ ይሁን። ንጹሕ ጥጥ፣ ለስላሳ፣ ነጭ ቢሆን ይመረጣል። ንጹሕ የሆነ አሮጌ የጥጥ ቲሸርት ይበቃል። አዲስ ጥጥ ከሆነ ሳትቆርጡት በፊት እጠቡት፤ ጥጥ ይሰበሰባል፣ ከተሰፋ በኋላ ከተሰበሰበ ዳንቴሉን ይዞት ይኮማተራል።

መጀመሪያ ፓንት ስፉ። ሱቅ ከገዛችሁት ሁሉ በደንብ የሚስማማችሁን አሮጌ አንዱን አውጡና ስፌቱን ተርትሩት። ፊቱ አንድ፣ ጀርባው አንድ፣ የመሐሉ አንድ ሆኖ ይለያያል። በወረቀት ላይ ዘርግታችሁ በእርሳስ ዙሩት፤ ቅዳችሁ ተገኘ። ስፌቱን ተርትራችሁ ያወጣችሁት ስለሆነ ለስፌት የሚተወው ትርፍ እዚያው አለ፤ አትጨምሩበት። ጨርቁን ስታስቀምጡ የሚሳብበት አቅጣጫ ወገባችሁን የሚዞርበት ይሁን፤ ሽቅብ ከተሳበ ልብሱ ይሸሻል። ላስቲኩ ከጨርቁ ጠርዝ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ያጠረ ይሁን። ላስቲኩን አራት ቦታ ምልክት አድርጉበት፣ ጨርቁንም አራት ቦታ፤ ምልክትን ከምልክት ጋር በስፒል አያይዛችሁ ላስቲኩን ብቻ እየሳባችሁ ስፉ። ጨርቁን የሳበች ሴት ጠርዙ እንደ ማዕበል ሲነሣባት መፍታት ሊኖርባት ነው።

የስፌት መኪና ያላችሁ፣ ስፌቱን ዚግዛግ አድርጉት። ቀጥ ያለ ስፌት በሚሳብ ጨርቅ ላይ ስትቀመጡ «ጠሽ» ይላል፤ የት ቦታ ሆናችሁ እንደሚል አታውቁም። መርፌውም የሚሳብ ጨርቅ መርፌ ይሁን፣ ጫፉ ክብ ያለ፣ 75 ቁጥር። የተለመደው ሹል መርፌ የጨርቁን ክር ይበጥሳል ወይም ስፌት እየዘለለ ይሄዳል፤ ብዙ ሰው መኪናው ተበላሸ ብሎ ለጠጋኝ ገንዘብ የሚከፍለው በመርፌ ጥፋት ነው። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር አይለጠጥም።

መኪና የለኝም፣ የምኖረው ሰው ቤት ነው፣ ክፍሌ አልጋና ሻንጣ ብቻ ነው የምትይ እህቴ፣ ለአንቺ ነው ይበልጥ የማወራው። የሌንግበርጎቹም፣ የጃኮብም በእጅ ነው የተሰፉት። የውስጥ ልብስ ትንሽ ነው፣ ጭን ላይ ያልቃል፣ ትራስ ሥር ይቀመጣል። እንደውም ስስ ሳቲንና ሽፎን በእጅ ሲሰፋ ያምራል። የሌሊት ልብስ ስትሰፊ የጎኑን ስፌት እንዲህ አድርጊው። ሁለቱን ጨርቆች በጀርባቸው አጋጥሚያቸው፤ አዎ፣ መልካቸው ወደ ውጭ ይሁን፣ ከለመድሽው ተቃራኒ ነው። ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብለሽ በጥቃቅን ስፌት ስፊው። ከዚያ ትርፉን እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ድረስ ከርክሚው። አሁን ጨርቁን ገልብጪው፣ መልክ ከመልክ ይግጠም፣ ስፌቱን በጥፍርሽ እየተጫንሽ ጠርዝ ላይ አስቀምጪው። እንደገና ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ላይ ስፊው። ጥሬው ጠርዝ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ተቀበረ። ስትከፍቺው በውስጥም በውጭም አንድ የተተረተረ ክር አታዪም። ኦቨርሎክ የሚባለው የጠርዝ መስፊያ መኪና የሚሠራውን ሥራ መርፌሽ በላቀ ሁኔታ ሠራው፤ ገላም አይቧጥጥም። ፋብሪካ ይህን ስፌት ለርካሽ ልብስ አይሠራውም፣ ጊዜ ስለሚፈጅ። ጊዜ ከየት አመጣለሁ እንዳትዪኝ፤ የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የዚህ አገር ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ከነክፍያው ይሰጥሻል። ያን ቀን ሙሉ ስልክ ላይ ከማሳለፍ ሁለት ሰዓቱን ለመርፌ ስጪው። ስልኩንም ቢሆን ጆሮሽ ላይ ሰክተሽ እያወራሽ መስፋት ይቻላል፤ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ዳንቴሉን ከሳቲኑ ጋር ስታጋጥሚ ቀጥ ብለሽ አትቁረጪው። የዳንቴሉን አበባ ጠርዝ ተከትለሽ በትንሽ መቀስ ቁረጪው፤ በሳቲኑ ላይ ደርበሽ የአበባውን ዙሪያ ስፊው፤ ከዚያ ከሥር ያለውን ሳቲን ገልብጠሽ በጥንቃቄ ቆርጠሽ አውጪው። ስፌቱ አበባው ውስጥ ይጠፋል። ኪሮሽ የምትችል ደግሞ ዳንቴል መግዛትም አያስፈልጋት ይሆናል። ለሶፋ የምንሠራበት ክር ግን ወፍራም ነው፤ ለገላ ሲሆን ቀጭን የጥጥ ክርና ቀጭን ኪሮሽ ያዢ። ሁለት ጣት ስፋት ያለው ዘርፍ ሠርተሽ በውስጥ ቀሚስ ጫፍ ላይ ብታደርጊው ከካሌ የመጣው አያስንቀውም።

አሁን ወደ ማጠቢያው። ይህን ሳልናገር ብወርድ ይቆጨኛል። እኛ የውስጥ ልብሳችንን አጥበን የምናሰጣው በፎጣ ሸፍነን ነው። ገመዱ ላይ ፎጣው ፀሐይ ይሞቃል፣ ፓንቱ ከሥር በእርጥበት ይውላል። እናቴም እንደዚያ ነበረች፣ እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበርኩ። እዚህ መጥተን ደግሞ መታጠቢያ ቤት ቧንቧ ላይ፣ በር ዘግተን፣ አየር በሌለበት እንሰቅለዋለን። ሳይደርቅ እንለብሰዋለን። ነውሩ የቱ ላይ እንደሆነ አልገባኝም፤ ጎረቤት ፓንት እንደምንለብስ አያውቅም? አየር በሚገባበት ቦታ ስቀሉት። የአል ዐይን ሴቶች በዚህ ዕድለኞች ናችሁ፣ ደረቁ አየር ከግማሽ ሰዓት በላይ አያቆያችሁም። ዳንቴሉንና ላስቲኩን ብቻ ከቀጥታ ፀሐይ ጠብቁት፣ ላስቲክ ፀሐይ ይገድለዋል። ስታጥቡትም በለብታ ውኃ፣ በእጅ፣ ሳትጠመዝዙ እጠቡት። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ የገባ ላስቲክ ዕድሜ የለውም።

ሰፍተን ብንሸጠውስ የሚል ጥያቄ መምጣቱ ስለማይቀር ቀድሜ ልመልስ። በቤት ሠራተኛ ቪዛ ላይ ያለች ሴት በገዛ ፈቃዷ ለሌላ ሰው በክፍያ መሥራት አትችልም፤ ከተያዘች ልትባረር ትችላለች። ንግድ የምትፈልግ ፈቃድ ታውጣ፣ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ትጠይቅ። ለራስሽ ስፊ፣ ለእህትሽ ላኪ፣ የምታገባ ጓደኛሽ ካለች ለጫጉላዋ የሌሊት ልብስ ስጦታ አድርጊላት። ወደ አገር ቤት ስንመለስ ሻንጣችን ውስጥ የሌላው ሁሉ አለ፤ የእናት ብርድ ልብስ፣ የአባት ጃኬት፣ የልጅ ጫማ። የራሳችን በእጃችን የሰፋነው አንድ ነገር ቢጨመርበት ኪሎ አይሞላም። አገር ቤት ገብታችሁ ሙያ አድርጋችሁ ልትከፍቱት ካሰባችሁ ደግሞ፣ ለሴት የሚሰፋ ሴት ሰፊ ብዙም የሌለበት ገበያ መሆኑን በረንዳው ላይ ካለው ሰፊ አይታችሁታል።

ጡት ማስያዣን ወደ መጨረሻ የገፋሁት አስቤበት ነው። ብዙዎች ከሱ ይጀምሩና ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። ሦስት አራት ፓንት ከሰፋችሁ በኋላ፣ ላስቲክ እጃችሁን ከለመደ በኋላ ግቡበት። መጀመሪያ ሽቦ የሌለው ለስላሳውን ሥሩ። ሁለት ልክ ያስፈልጋል፦ ከጡት ሥር ገላን አጥብቆ የሚዞረው አንዱ፣ በጡት ጫፍ ላይ ሳይጠብቅ የሚዞረው ሁለተኛው። የሁለቱ ልዩነት ነው ጎድጓዳው ምን ያህል እንደሚሆን የሚነግራችሁ። ሱቅ ውስጥ ስትገዙ የምታዩት ማንጠልጠያውን ነው፤ ክብደቱን በአብዛኛው የሚሸከመው ግን ከሥር የሚዞረው መቀነት ነው። ትከሻችሁ ላይ ቦይ የሚቆፍርባችሁ፣ ማታ ስታወልቁት ቀይ መስመር የሚተውባችሁ፣ መቀነቱ ላልቶ ማንጠልጠያው ብቻውን ስለሚጎትት ነው። ስለዚህ ለመቀነቱ ጠንካራ፣ በደንብ የሚመለስ ላስቲክ ምረጡ፤ ለማንጠልጠያው ቆጥቡ። ጎድጓዳውን ዳንቴል አድርጉት፣ ከውስጥ በስስ ጥጥ ገበር ደግፉት። ሁለቱ ጡቶቻችሁ እኩል ካልሆኑ ለየብቻ ለኩና ለየብቻ ቁረጡ፤ ፋብሪካ ይህን አያደርግላችሁም።

ሜትሩ እጄ ላይ ነው። ከበስተጀርባ መጋረጃ ተጋርዷል፤ መለካት የምትፈልጉ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ግቡ፣ አንዷ ትለካ፣ አንዷ ትጻፍ። ጠረጴዛው ላይ የቁራጭ ዳንቴል ቅርጫት አለ፤ አል ዐይን የምትመለሱት አውቶቡስ እንዳያመልጣችሁ ቅድሚያ ምረጡ። ጥያቄ ያላት አሁን ትጠይቅ።